ሳበ ብዬ ጽፌ በሶ ታተመ

ውድ እህቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? የቺካጎ ንፋስ ጠርጎ ሐይቁ ውስጥ ካልጨመረሽ ደህና ነሽ ብዬ ልጀምር። እኛ እዚህ ሆፕኪንስ ደህና ነን። እማዬ ደብል ሺፍት ላይ ናት፣ አባዬ ሂተሩን ቀንሱ እያለ ነው፣ እኔ ደግሞ መቀመጥ አቅቶኛል። ይህን ስጽፍ እንኳ ስንቴ ተነስቼ ፍሪጅ ከፍቼ ዘጋሁ። የምፈልገው ነገር ፍሪጅ ውስጥ የለም።

ስልክ ስለማታነሺ ነው በወረቀት የመጣሁብሽ።

አንቺ ለሥዕል ብለሽ የነርሲንግ ትምህርቱን ድሮፕ አድርገሽ፣ ከአባዬ ተጣልተሽ ከሄድሽ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ አንቺ ትሠሪበት የነበረው የሥዕል ኅትመት ስቱዲዮ እሄዳለሁ። ለአባዬ የሒሳብ ጥናት ነው ብዬዋለሁ። አስተማሪሽ ዛሬም ከዓለም ጦርነቱ በኋላ ፓሪስ ውስጥ ሕልማቸውን መዳብ ላይ ይጭሩ ስለነበሩት ሱሪያሊስት ሠዓሊዎች አውርታ አትጠግብም። ሳታስቡ እጃችሁን ልቀቁት አለችን። ለቀቅኩት። እጄ ሄዶ ሄዶ አንዲት ልጅ አወጣ፤ እሷ ሻንጣውን ሳይሆን ሻንጣው እሷን እየጎተታት። ከሥሯ "ሳበ" ብዬ ጫርኩ። አሲዱ የጫርኩትን የመዳብ ሰሌዳ በልቶ ጉድጓድ አወጣልኝ። ቀጭኑን ቀለም በጠንካራው ሮለር ከላይ፣ ወፍራሙን በለስላሳው ሮለር ጉድጓዱ ውስጥ አስኬድኩና በአንድ ጊዜ አተምኩት። ሰማያዊውና ብርቱካኑ ሳይደባለቁ ወጡ፤ አበድኩ! ከዚያ ጽሑፉን አየሁት። ማተሚያ እንደ መስተዋት እንደሚገለብጥ ረስቼ፣ ሳዋ ሶ ሆና፣ "ሳበ" "በሶ" ሆኖ ቁጭ ብሏል።

እንደዚያም ሆኖ ሳሎን ሰቀልኩት።

እሁድ ሽማግሌዎች መጡ፤ አባዬን ካንቺ ሊያስታርቁ። ጋሽ ሰረቀብርሃንና ጋሽ ቸሩ ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ጉዳይ ተኳርፈው ሳይነጋገሩ የከረሙት። ለማስታረቅ ግን በአንድ መኪና ነው የመጡት። ጋሽ ቸሩ ሥዕሉን አይተው የምግብ ቤት ማስታወቂያ ነው ወይ አሉኝ። ቀለሞቹ ለምን አልተደባለቁም ሲሉኝ፣ አንዱ ዘይት ይበዛበታል፣ ሌላው ወፍራም ነው፣ አንድ ሰሌዳ ላይ ሆነው ይገፋፋሉ አልኳቸው። እንደኛ የቤተ ክርስቲያን ቦርድ ነዋ ብለው ጋሽ ሰረቀብርሃንን በጎን አዩዋቸው። እሳቸው ሥዕሉ ላይ እንዳፈጠጡ፣ ልጅቷ በሶ ቋጥራ ነው እንዴ የምትሄደው አሉ።

አባዬ እስከዚያ ድረስ ምንጣፉን ነበር የሚያየው። ቀና አለና፣ አልያዘችም፤ ሳትይዝ ነው የሄደችው አለ።

ጋሽ ሰረቀብርሃን ፈጠን ብለው፣ ታዲያ ደውልላት እንጂ ምን ትጠብቃለህ አሉት። አታነሳም እኮ አለ። እኔና እማዬ ተያየን። መደወሉን ማን ያውቅ ነበር!

እህቴ፣ ለፋሲካ ነይ። ይቅርታ ማን ይጀምር የሚለውን ለሽማግሌዎቹ ተዪላቸው፤ እነሱም ሥራ ይኑራቸው። ይህን ጻፊ ያለኝ ሰው የለም። ከኋላዬ ቆሞ መነጽሩን የሚፈልግ ሰው አለ፤ መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነው።

አምላክ እጅሽን ከአሲድ፣ ልብሽን ከእልህ ይጠብቅልሽ። የዚህ ቤት ልጅ ስለሆንሽ ሁለተኛው እሱንም ያደክመዋል።

የምትናፍቅሽ ታናሽሽ

ማስታወሻ፦ አድራሻሽን እኔ አላውቀውም። ፖስታው ላይ ያለውን የእጅ ጽሑፍ ግን አንቺ ታውቂዋለሽ።