ስለ እኅታችን ጥሩነሽና ስለ አውቶሞቢሉ ክዳን

ይድረስ፥ ከአንድ እናት ለተወለድነው ለሦስታችን የመጨረሻ ለሆንኸው፥ በልጅነትህ በትከሻዬ ተሸክሜ ላሳደግሁህ፥ ዛሬ ግን በጅቡቲ ወደብ በነጋዴ ቤት ዕቃ ተረካቢ ሆነህ ለምትኖረው ለወንድሜ ለኃይለየሱስ።

እንደምን ሰንብተሃል? ቀን የሚያቃጥለው፥ ሌሊትም የማይበርደው የዚያ አገር ወበቅ እንደምን ይዞሃል? አምና ደረትህን ሲያስጨንቀው የነበረው ሳል ለቀቀህን፥ ወይስ እኛ እንዳንሰጋ ብለህ ዝም አልኸን? ባለቤትህ ወይዘሮ ተሻለች እንደምን ናት? ልጆቹስ አጎታቸውን በስም እንኳ ያውቁታልን? እኔ፥ ወገቤ ጎብጦ፥ ዓይኔም ደክሞ፥ በረንዳ ላይ ወጥቼ በፀሐይ ብርሃን ካልሆነ በቀር ፊደል መለየት የማልችል ሆኛለሁ፤ ነገር ግን ቆሜ መሄዴን፥ እህልም መቅመሴን ስላልተውሁ፥ ለዚህ ያደረሰኝን አምላክ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ውዴ ደኅና ናት። የእኅታችንን የጥሩነሽን ነገር ግን በአንድ ቃል ደኅና ናት ብዬ ለማለፍ ብዕሬ እምቢ ስላለኝ፥ ከዚህ በታች በዝርዝር እጽፍልሃለሁ።

በታኅሣሥ የላክኸው ደብዳቤ በባቡር ሰው እጅ በደኅና ደርሶኛል። ለጥሩነሽ ብለህ ከጌቶችህ ያገኘኸው አውቶሞቢል ክዳን እንደሌለው፥ ባቡር ላይ ሳይጫን በፊትም በዚያ ያሉት ሠራተኞች ከሁለት ዓይነት ክዳን አንዱን ሊገጥሙለት እንደሚችሉ፥ አንደኛው እንደ ጃንጥላ በዘንግ ተወጥሮ ሲፈለግ ወደ ኋላ የሚታጠፍ፥ በጎኑም የሚቆለፍ መጋረጃ ያለው ሸራ፥ ሁለተኛው ግን ባለመስተዋት መስኮት ሆኖ በብሎን የሚታሰር፥ አንዴ ከታሰረም መንገድ ላይ የማይነሣ የብረት ክዳን እንደ ሆነ ገልጸህ፥ ምረጡ ብለኸናል። ምረጡ ካልህ በኋላ ግን እዚያው ከሥሩ «ለእታለም የሚሻላት የብረቱ ነው፤ ክርክርም አያስፈልገውም» ብለህ ጨምረሃል። መልሱን ይህን ያህል ማዘግየቴ እንዳስቆጣህ አልጠራጠርም። ያዘገየኝ ግን ስንፍና ሳይሆን፥ ያ አያስፈልግም ያልኸው ክርክር ነው።

የእኅታችን ቁርጥማት፥ አንተ ስትሄድ በጉልበቷ ላይ ብቻ የነበረው፥ አሁን ወደ ትከሻዋና ወደ ጣቶቿ ወጥቶ፥ ኩባያ በሁለት እጇ ካልያዘች በቀር አይቆምላትም። በበቅሎ መቀመጥ ካቆመች ቆይታለች። ሕመሟን የሚያስታግሥላት የሶደሬ ፍል ውኃ ብቻ ሲሆን፥ እስከ አምና ድረስ ጎረቤታችን ባጫ ከወንድሞቹ ጋር ሆኖ በቃሬዛ እየተሸከመ ይወስዳት ነበር። የዚህን አገር ልማድ አልረሳኸውም ይሆናል፤ ሕመምተኛ በቃሬዛ ሲያልፍ ያየ መንገደኛ፥ ክርስቲያንም ሆነ እስላም፥ ሸክሙን አውርዶ «እግዜር ይማርሽ» ሳይል፥ ጥቂት መንገድም ትከሻውን ለቃሬዛው ሳይሰጥ አያልፍም። ዘንድሮ ግን የቃሬዛውን እንቅጥቅጥ መቻል አቃታት። በባቡር ጣቢያው በኩል ያለው ግሪካዊ ሐኪም ደረቷን አዳምጦ ከመረመረ በኋላ እኔን ወደ ውጭ ጠርቶ፥ ሕመሙ ልቧ ላይ መድረሱን፥ ክረምቱንም ታልፋለች ብሎ ተስፋ ሊሰጠኝ እንደማይደፍር ነገረኝ። ለእሷ አልነገርኋትም፤ ነገር ግን ወደ ቤት ስገባ ፊቴን አይታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

የመጀመሪያው አሳቤ ከአሳብህ የተለየ አልነበረም። ከፍል ውኃ ወጥቶ ላብ ያልደረቀለትን ገላ ነፋስ ከነካው ምች እንደሚመታው፥ ምችም ጤነኛውን እንኳ አልጋ ላይ እንደሚጥል አንተም ታውቃለህ፤ በበጋ በዚህ ሜዳ ላይ የሚነሣውን አቧራማ ነፋስም ታውቀዋለህ። ስለዚህ የብረቱ ይሁን ብዬ ልጽፍልህ ተነሥቼ ሳለሁ፥ ከባለ ሙያ ቃል ልስማ ብዬ፥ ባለብረት ክዳን አውቶሞቢል ወደ ደራ የሚነዳውን የነጋዴ ሾፌር ራህመቶን ወደ ቤት ጠራሁት። ባጫም በዚያው ተቀምጦ ነበርና፥ በእኔ ፊት የተደረገውን ሙግት ብትሰማ በዚህ ኀዘናችን መካከል እንኳ ሳትስቅ አትቀርም ነበር። ራህመቶ፥ «አለቃ፥ ሸራ ማለት እኮ ድንኳን ነው፤ ድንኳን ለሠርግና ለለቅሶ እንጂ ለመንገድ አይሆንም። የግራር እሾህ አንድ ጊዜ ከያዘው አለቀለት። ብረቱ ግን ቤት ነው፤ በርዎን ዘግተው ይሄዳሉ» አለኝ። ባጫ ከወዲያ ሆኖ፥ «ቤቱ ቦይ ውስጥ ቢገለበጥስ? ድንኳን ቢወድቅብኝ ራሴ እወጣለሁ፤ ቤት ከወደቀብኝ ግን አውጪዎቼ ልጆቼ ናቸው» ሲል፥ ራህመቶ ቱግ ብሎ፥ «አንተ ሰውዬ፥ ባለፈው ከቆመ አህያ ላይ የወደቅህ አይደለህም እንዴ? ስለ መገልበጥማ አንተ አስተምረን!» ብሎ መለሰለት። ጥሩነሽ በአልጋዋ መጋረጃ ውስጥ ሆና ስትስቅ ሰማኋት፤ ሳቋ ግን በሳል ተቋረጠ።

ነገሩን ቃል ብቻ እንደማይፈታው አይቼ፥ ራህመቶ ጌታውን አስፈቅዶ፥ በጥር ወር አንድ ቀን ጥሩነሽን በዚያው በብረት ክዳኑ አውቶሞቢል ወደ ሶደሬ ወሰድናት። እኔ ከኋላ ደግፌያት ተቀመጥሁ፤ ባጫም ከሾፌሩ ጎን ሆነ። መስኮቱ ተዘግቶ፥ አቧራው በውጭ ቀርቶ፥ እኔ በልቤ አንተን እያመሰገንሁ ስንሄድ፥ መንገድ ላይ ያገኘነው ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነገር ማየት ጀመርሁ። በዚህ አገር በተዘጋ አውቶሞቢል የሚሄድ ሁሉ ሹም ስለሚመስል፥ አህያ የሚነዳው አህያውን ወደ ቁጥቋጦ እየገፋ ይሸሻል፤ እንስራ ያዘሉት ሴቶች ፊታቸውን ይመልሳሉ፤ ከአውድማ የሚመለሱት ወንዶች ሸማቸውን ከትከሻቸው አውርደው፥ በወገባቸው አደግድገው፥ መሬት መሬት እያዩ ይቆማሉ። ወንዙ ዳር ስንደርስ ፈዬራ የሚባለውን ሽማግሌ አገኘነው፤ እሱም ከዓመት ዓመት ተሸካሚዎቿ በዚያ ሲያልፉ ቃሬዛዋን ሳይዝ ያልቀረ፥ ልጆቹን ሁሉ ጠርቶ የሚያሸክም ሰው ነው። ጥሩነሽ ባየችው ጊዜ ደስ ብሏት፥ በእነዚያ በተጣመሙ ጣቶቿ መስተዋቱን መታ መታ አደረገች። ሽማግሌው ግን የተቆጣ ሹም የሚጠራው መስሎት፥ ደንግጦ፥ ግንባሩ ጉልበቱን እስኪነካ ድረስ አጎነበሰ። ባጫ በሩን ከፍቶ በኦሮምኛ፥ «ፈዬራ! ምነው፥ ጥሩነሽ እኮ ናት!» ብሎ ቢጮኽም፥ አውቶሞቢሉ አልፎት ነበርና ሰውየው በአቧራው ውስጥ እንዳጎነበሰ ቀረ። ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞር ብላ፥ «ጋሼ፥ እኔ ምን አድርጌ ነው ሰው የሚፈራኝ?» አለችኝ። 

አድልተሃል እንዳትለኝ የብረቱንም ወገን ልናገርለት ይገባኛል። ከውኃው ወጥታ ስንመለስ አንዲት ትንፋሽ ነፋስ አልነካትም፤ ምችም አልመታት፤ ከዚያም በኋላ ለጥቂት ሌሊት ሳታቃስት ተኛች፤ ውዴም ብረት ይባረክ ብላ መረቀች። ከዚያ በኋላ ግን ጥሩነሽ እኔን ወደ አልጋዋ አስጠርታ፥ የአንተን ደብዳቤ እንደ ገና እንዳነብላት ጠየቀችኝ፤ አንብቤም ስጨርስ፥ «ሸራውን ይላክልኝ» አለች። እኔም ስለ ነፋሱ፥ ስለ ምች፥ ስለ አንተም ልፋት አንድ በአንድ እየቆጠርሁ ብዙ ተከራከርኋት። እሷም ስትሰማኝ ቆይታ፥ «በመጽሐፍ አለቃው እርስዎ ነዎት፤ በሕመም ግን አለቃዋ እኔ ነኝ። ውኃው ጉልበቴን ሲያለሰልስልኝ ነው የኖረው፤ እኔን ያኖረኝ ግን መንገዱ ነው። ያ ሁሉ ሰው ሸክሙን አውርዶ ሲለምንልኝ፥ እግዜር ከስንቱ አንዱን ይሰማል እያልሁ ነበር የምሄደው። አሁን ሣጥን ውስጥ ዘግታችሁ ስትወስዱኝ ማን ይለምንልኝ?» አለችኝ። ነፋሱ ሊጎዳት እንደሚችል እንደ ገና ባስታውሳት፥ «ከእኔ ላይ ነፋሱ የሚወስደው ምን ቀርቶ?» ብላ ዓይኗን ከደነች።

ስለዚህ ወንድሜ፥ ሸራው ይገጠምለት። ይህን ቃል የጻፍሁት፥ አእምሮዬ የብረቱን እየመረጠ መሆኑን ዕወቅልኝ። ወደ ፍል ውኃው ስንሄድ ሸራውን አጥፈን፥ ስንመለስ ዘርግተን፥ በጎኑም መጋረጃውን ቆልፈን፥ እሷን በጋቢ ጠቅልለን እንሄዳለን፤ ራህመቶ ግን ነፋስ በዚያ መጋረጃ እንደ ወንፊት እንደሚያልፍ ምሎ ነግሮኛልና፥ የብረቱ ክዳን ሊያቆይልን የሚችለውን ጥቂት ዕድሜ በገዛ እጃችን የምናሳጥረው እንዳይሆን እፈራለሁ። ይህ የደረሰ እንደ ሆነ ጥፋቱ የእኔ ነው እንጂ የእሷ አይደለም፤ በልብህም እሷን አትውቀሳት። ሰው ሁሉ አጎንብሶላት፥ ማንም ሳያያት ብዙ ቀን ከምትኖር፥ ሰው እያያትና እየለመነላት ጥቂት ቀን መኖርን መረጠች፤ እኔም ታላቅ ወንድሟ ብሆን ይህን ምርጫዋን የምነጥቅበት ሥልጣን በራሴ ዘንድ ፈልጌ አላገኘሁም።

ለባለቤትህ ለተሻለች፥ ከባሕር ማዶ ጭምር የሚመጣውን እንግዳችሁን ሁሉ ለምታስተናግደው ለዚያች ደግ ሴት፥ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረሳት። ልጆቹን በየስማቸው እየጠራህ፥ የእያንዳንዳቸውን ግንባር ስለ እኔ ሳምልኝ። ውዴ ጉንጭህን ትስማለች፤ የላክህላት ሻሽ ደርሷት ለበዓል ብላ አስቀምጣዋለች። ባጫ ሰላም ይልሃል፤ ከአህያ ወደቀ የተባለውም ሐሰት መሆኑን፥ አህያዋ ራሷ እንደ ተኛች ጻፍልኝ ብሎኛል። ራህመቶም አውቶሞቢሉ ሲደርስ እስከ ጣቢያው ድረስ መጥቶ እንደሚቀበለው፥ ሸራ ቢሆንም እንደማይንቀው ቃል ገብቷል።

ጥሩነሽ ግን ሰላምታዋን በእኔ እጅ ማስጻፍ እምቢ አለችኝ። «ክዳኑን መርጫለሁ በሉት፤ ሰላምታዬን ግን እሱ ራሱ መጥቶ ይውሰድ» አለች። አውቶሞቢሉን ጭኖ የሚመጣው ባቡር ሰውም ይጭናል፤ እባክህ ወንድሜ፥ ክረምት ሳይገባ አብረኸው ተሳፈርና ና። ጌቶችህ ወይ ዕቃውን ወይ አንተን እንጂ ሁለታችሁን አንለቅም ያሉህ እንደ ሆነ፥ ሸራውም ብረቱም አውቶሞቢሉም እዚያው ይቅር።

ታላቅ ወንድምህ አብተው

አዳማ፥ የካቲት ፲፰ ቀን ፲፱፻፳፪ ዓመተ ምሕረት ተጻፈ።