የቅሬው ቤት አምስተኛ ወንበር

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
ኅዳር 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሳሚያ፣ ኩዌት

አሰላሙ አለይኪ ዓይኔ። አፊያሽ እንዴት ነው? ያ ወገብሽስ ተሻለው? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ብርዱ ጠና እንጂ ሌላ የምንከሰው የለም። ይህን ደብዳቤ ወደዚያ በምትበርረው በኡሙሰልማ እጅ የላክሁልሽ ወድጄ አይደለም። በስልክ ስናወራ ወይ ኔትወርኩ ይቆርጠናል፣ ወይ እመቤትሽ ትጠራሻለች፣ ወይ እኔ ድምፅሽን ስሰማ የያዝሁት ወሬ ሁሉ ይበተንብኛል። ወረቀትን ግን ማንም አያቋርጠውም።

ወሬዬን ከጫፉ ልስጥሽ፤ አግኝቻለሁ! «የኔትወርክ ሥልጠና በአቅማችን ካገኘሽልኝ እመጣለሁ፤ ካላገኘሽ ግን ለእመቤቴ ሁለት ዓመት እጨምራለሁ» አላልሽኝም? ይኸው ተገኘ። እንዴት እንዳገኘሁት ካልነገርሁሽ ግን ሆዴ አይሞላም።

መጀመሪያ ፒያሳ አንድ ስልክ ቤት ገብቼ «ልጄ፣ ኔትወርክ የምታስተምሩት እናንተ ናችሁ?» አልሁ። ልጁ ስልኬን ተቀብሎ አጠፋው፣ አበራው፣ ወደ ላይ አነሣው። «እማማ፣ የእርስዎ ኔትወርክ ሙሉ ነው፤ እንዲያውም ከእኔ ይሻላል» ብሎ መለሰልኝ። እማማ አለኝ ይታይሽ! አመስግኜ ወጣሁ፣ ምን ልበል?

ለጎረቤታችን ለሱሌማን ብነግረው ደግሞ በሳቅ ሞተ። «እትዬ አልጣሽ፣ ኔትወርክ እኮ በዘመድ ነው እንጂ በትምህርት አይገኝም! ቢሮ ውስጥ አጎት ያለው ነው ኔትወርክ ያለው» አለኝ። «አንተስ አጎትህ ቢሮ ተቀምጦ ምነው ሥራ ፈትተህ ትውላለህ?» ብዬ አፉን አስያዝሁት።

ከዚያ አንድ መስታወት በመስታወት የሆነ ማሠልጠኛ ገባሁ። ዋጋውን ስሰማ የመስታወቱን ሒሳብ ማን እንደሚከፍለው ገባኝ። ቢሆንም «ዕቃውን በእጄ ካልነካሁት አልማረውም» ያልሽው ትዝ ብሎኝ «እስቲ ማሽኑን አሳይኝ» አልኋት ልጅቱን። «በፕሮጀክተር ነው የምናሳየው፣ በሥዕል» አለችኝ። በሥዕል እንጀራ ማን ጠገበ!

መንገዱን ያሳየኝ የጎረቤታችን የሰርክአዲስ ልጅ ምንተስኖት ነው። «ኮምቦልቻ ጀሚል የሚባል አለ፤ ሥራው ፋብሪካ ውስጥ የኮምፒውተር መስመር መዘርጋት ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ያስተምራል» አለኝ። የደሴን ሹራብ ደርቤ የሐረጎን ቁልቁለት ወረድሁና ኮምቦልቻ ላይ እንደ ቅቤ ቀለጥሁ። ጀሚል ቀጭን፣ ችኩል፣ አፉ የማያርፍ ልጅ ነው። ራውተር፣ ስዊች የሚላቸው ማሽኖች አሮጌ ቢሆኑም የራሱ ናቸው፤ ተማሪው ይፈታቸዋል፣ ይገጥማቸዋል። «ፈተናው አዲስ አበባ ነው፤ የምስክር ወረቀቱን እኔ አልሰጥም፣ ለፈተናው ግን አደርሳለሁ» አለኝ። ያን ጊዜ ነው ያመንሁት። ዋጋው ግን እሱም ጋ ከበደኝ።

«ምነው ልጄ?» ስለው፣ «እትዬ፣ የምቀበለውን የሚበላው አከራዬ ነው። ቤት የሚሰጠኝና አምስት ተማሪ የሚሞላልኝ ባገኝ፣ በግማሽ ዋጋ ደሴ ድረስ እወጣ ነበር» አለኝ።

ቤት! የቅሬያችንን ቤት ቁልፍ የያዘው ከእኔ ሌላ ማን ሆነና! ሰው ካልሞተ ወንበሩም ድንኳኑም ተቆልፎበት ነው የሚከርመው።

ቅሬው ሲሰበሰብ ተነሥቼ ተናገርሁ። የቅሬው አባት ሼህ ጣሀ ጺማቸውን ያዝ አድርገው «አልጣሽ፣ ይህ ቤት ለለቅሶ የተሠራ ነው» አሉኝ።

«እንዳሉት ነው ሼኬ። ልጆቻችን ሥራ አጥተው በየአገሩ ሲበተኑም እኮ እያለቀስን ነው። ለዚያኛው ለቅሶ የት እንቀመጥ?»

ከኋላ አንዱ «በትምህርቱ መሃል ሰው ቢሞትሳ?» ሲል ሼህ ጣሀ ራሳቸው መለሱለት፦ «ትምህርቱ ይቆማል፤ ተማሪው ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያወጣል። ጉልበት አናጣም ማለት ነው።» ተሳቀ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ሰርክአዲስም አሜን አለች፤ አለቀ።

ምንተስኖት፣ የሰፈራችን ልጅ ካሊድና ከኩታበር የመጡ ሁለት እኅትማማቾች ወዲያው ገቡ። ጀሚል በመጀመሪያው ቅዳሜ መጥቶ ቆጠረና «አምስተኛውስ?» አለ።

«ልጄ ናት። ኩዌት ናት፣ ትመጣለች።»

«እትዬ፣ ኩዌት ያለ ሰው እዚህ ወንበር አይሞላም።»

«ይሞላል» ብዬ ተቀመጥሁበት። ሳቁብኝ፤ ይሳቁ። አሁን ስም ሲጠራ «ሳሚያ!» ይላል፣ እኔ «አቤት» እላለሁ። ለክፍያው አብሽሪ፣ ዕቁቤ ወጥቶልኛል።

ዝም ብዬ ወንበር የማሞቅ እንዳይመስልሽ ደግሞ። ባለፈው ገመድ መግጠም ተማርን። ገመዱ ሆድ ውስጥ ባለቀለም ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፤ እያንዳንዱም ነጭ የተቀላቀለበት ጓደኛ አለው። እኔ ሁሉንም ከየጓደኛው ጎን አስቀመጥሁ። ጀሚል በመፈተሻው ሲሞክረው የመፈተሻው መብራት እምቢ አለ።

«አረንጓዴውን አሳሳቱት እትዬ። እሱ ከጓደኛው ይለያል፤ ሰማያዊዎቹ መሃላቸው ይገባሉ።»

«ጥንድ ሆነው ሳለ ማን ለያቸው?»

«ደንቡ ነው። ሁለቱም ጫፍ ላይ እንዲህ ካልሆነ አይግባቡም።»

ደንብ ከሆነ ምን ይደረጋል፣ ለያየኋቸው። ወላሂ አልወደድሁትም። መብራቱ ግን ቦግ አለ!

ያንን ገመድ ከበሶው ሥር አድርጌ ልኬልሻለሁ። ኡሙሰልማን አየር ማረፊያ ላይ ምንድን ነው ቢሏት፣ የእናት ሥራ ነው ትበላቸው። አንቺም እመቤትሽ ቤት ካለው ማሽን ሰክተሽ ሞክሪው፤ ይሠራል።

የሁለት ዓመቱን ውል አትፈርሚ አልልሽም። አዋቂ ነሽ፤ ይህን ቤት ያቆምሽው አንቺ ነሽ። ጀሚል ግን ከበድ ያለውን ትምህርት ከጥር በኋላ ይጀምራል። እስከዚያ ያለውን እኔ እይዝልሻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን «አቤት» በማለት ብቻ አልችለውም። ወንበርሽ በመስኮቱ በኩል ነው፤ የረፋድ ፀሐይ ያገኘዋል። ክፍልሽንም ኖራ አስቀብቼዋለሁ፣ እንዲያው ቆሽሾ ስላየሁት ነው።

አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። የሄድሽበትን መንገድ መመለሻም ያድርግልሽ፤ እጅሽ የነካው ሁሉ እሺ ይበልሽ። ሰላም በይልን ያሉኝን ሁሉ ብጽፍ ወረቀቱ አይበቃኝም።

እናትሽ
አልጣሽ