ጎተራው ላይ የተሳለው ልጅ

ሴፕቴምበር 9፣ ሰኞ

ልብስ አጠብኩ፣ አሰጣሁ። ዝናብ መጣ። መልሼ አስገባሁ። እማዬ ቁርስ ላይ ማርማላታውን ከዳቦው ውጪ ጠረጴዛው ላይ ቀባችው። አላየችውም። ዝም ብዬ ጠረግኩት።

ከሰዓት የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድን። ያው ነው… የምታየው ሁሉ መሐሉ ጠፍቷል፣ ዳር ዳሩ ብቻ ነው የቀረላት። እሱም እስከ ገና ላይቆይ ይችላል አለ።  መኪና ውስጥ የእማዬን ቀበቶ ሳስር ነው የተናገረችው።

«ያንቺን ፊት ካየሁ ስንት ጊዜ ሆነኝ መሰለሽ?»

«እዚሁ ነኝ እኮ።»

«ድምፅሽማ አለ። ከአንገትሽ በላይ ጭስ ነው።»

ቤት ስንደርስ ኮቷን ሳታወልቅ፣ «ካራቢል ውሰጂኝ» አለች።

ካራቢል! ከዚያ ከወጣን ሠላሳ ስምንት ዓመት ሊሆነን ነው። አባባ በሕይወት እያለ የከተማዋ ስም እዚህ ቤት ተጠርቶ አያውቅም።

ሴፕቴምበር 10

ነገሩን ያመጣችው ጁን ናት። ጁላይ ላይ አባባን ስንቀብር ከካራቢል የመጣችው እሷ ብቻ ነበረች። እኛ ከወጣን በኋላ እዚያ አግብታ የገባች፣ የከተማው ኮሚቴ ውስጥ ያለች ሴት፤ ሮዋንን አታውቀውም። እማዬን እቅፍ አድርጋ፣ «ልጅዎን ጎተራው ላይ ሳልነው እኮ! ከላይ እስከ ታች! ገንዘቡን ከተማው ነው ያዋጣው» አለቻት። እንደ የምስራች ነገር።

ሮዋን ወንድሜ። የሞተው እዚያው ጎተራ ውስጥ ነው፣ እንደ ፎቅ የቆመ የሲሚንቶ የስንዴ ጎተራ። ተጋግሮ የተጣበቀውን ስንዴ በአካፋ ሊያፈርሱ ሁለት ሆነው ገቡ፣ እሱና ጓደኛው ጋርዝ። ማሽኑ ከስር እየሳበ ነበር። ስንዴ ከስር ሲሳብ እንደ ረግረግ ነው፤ እግር ከያዘ አይለቅም። ጋርዝ ማሽኑን ሊያጠፋ ሮጠ፣ አልደረሰም… እንዲህ ነው የተነገረን። ሮዋን አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

እዚያው ላይ ሳሉት እንግዲህ። ሌላ ጎተራ የት አላቸው?

ፎቶውን ከግድግዳው ላይ አውርጄ ላምጣልሽ አልኳት።

«ምን ያደርግልኛል? ትልቅ ካልሆነ አይታየኝም፣ ኔሪ። እሱ ደግሞ ትልቅ ነው አሉ።» ከዚያ፣ «ፊቱ እየጠፋኝ ነው። በልቤም ጭምር።»

ፎቶውን ከግድግዳው አላወረድኩትም።

ሴፕቴምበር 12

በአባባ መኪና ካልሆነ አልሄድም አለች። «በዚያች ወጣን፣ በዚያች እንገባለን።»

የስድሳ አራት ሞዴል ሆልደን። አባባ አዲስ ገዝቷት እስኪሞት ከእጁ ያልወጣች። ሸራውን ገለጥኩ። ባትሪ ቀየርኩ፣ ቺንጋ ቀየርኩ፣ ዘይት ሞላሁ። ከብዙ ሙከራ በኋላ ተነሳች፣ ሳል እንደያዘው ሽማግሌ። ማርሿ መሪው ላይ ነው። ሮዋን መንዳት የተማረባት። እኔንም ያስተማረኝ እሱ ነው። «ፍሪሲዮኑን እንደ እንቁላል ርገጪው! እንደ በረሮ አይደለም!»

የኋላ መቀመጫውን አንስቼ ስጠርግ ከስሩ ስንዴ አገኘሁ። ጥቂት ፍሬ፣ ደርቆ የጠቆረ። ከማን ኪስ የወደቀ ነው? ጠረግኩት። ከዚያ ጋራዡ ወለል ላይ ቁጭ አልኩ።

ሴፕቴምበር 14፣ ቅዳሜ

መንገድ ላይ። ነዳጅ በቀዳንበት ሁሉ አንድ ሽማግሌ ከየት መጣ ሳይባል ይመጣል። «አባቴ እንደዚህች ነበረችው።» የሁሉም አባት ነበረችው! እማዬ በመስኮት፣ «ባሌም ነበረችው። እሱ ሞተ፣ እሷ ትሄዳለች» ስትለው አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ።

ከሆርሻም በኋላ መንገዱ እንደ ተወጠረ ክር ነው። ግራና ቀኝ ስንዴ፣ ገና አረንጓዴ። ከፊት የሚመጣው ሾፌር ሁሉ ለሰላምታ ከመሪው ላይ አንድ ጣት ያነሳል። እኔም አነሳሁ። ጣቴ አልረሳም።

እዚህ አገር አሁን ስዕል የሌለበት ጎተራ የለም። እማዬ ለልምምድ ሁለት ጎተራ ጋ እንቁም አለች። የመጀመሪያው ጋ ከሩቅ ቆመች፤ ቢጫ ጭስ ብቻ። ሁለተኛው ጋ እጄን ይዛ ቀረበች… ቀረበች… ከዚያ ዓይኗን ከስዕሉ አንስታ ወደ ባዶው ሰማይ አደረገች። በቀጥታ ካየችው መሐሉ ይበላዋል። ሌላ ቦታ እያየች ስትጠብቀው ግን በጎን በኩል ይመጣል።

«ሴት ናት» አለች። «ሻርፕ አድርጋለች። ጉንጯ… አየሁት! ኔሪ፣ ጉንጭ አየሁ!»

ካሜራ ያንጠለጠለ ጎብኚ በርኅራኄ ጠጋ ብሎ፣ «እማማ፣ ስዕሉ በዚህ በኩል ነው» አላት።

«አውቃለሁ ልጄ። አንተ የፊት ለፊቱን እይልኝ።»

ስትስቅ ከሰማኋት ቆይቷል። የስጋ ፓይ በላን። እሷ አንድ ሙሉ ጨረሰች።

ሴፕቴምበር 15

ካራቢል። ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል። ባንኩ ተዘግቷል። ሆቴሉ አለ። ጎተራው አለ።

ከሩቅ አየሁት፤ ኳስ በክንዱ ያቀፈ ወጣት፣ የክለቡ ማልያ፣ አስራ አራት ቁጥር። የሮዋን ቁጥር ነው። ቀረብን። ፊቱን ለየሁት።

ሮዋን አይደለም።

ጋርዝ ነው።

እንዴት እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ሰዓሊው የሳለው ከዋንጫው ፎቶ ነው። የዚያን ዓመት ሮዋን የአንድ ተጫዋች ጥርስ በቡጢ አውልቆ ከዋንጫው ጨዋታ ታገደ። የተገዛ ማልያ ይባክናል? ጋርዝን አለበሰው። ጋርዝ አስራ አራትን ለብሶ ፎቶ ተነሳ። ከሁለት ወር በኋላ ሮዋን ሞተ። አሁን የቀሩት ሰዎች ፊት አያስታውሱም፣ ቁጥር ነው የሚያስታውሱት። «አስራ አራት? የኡና ልጅ፣ ያ የሞተው!» ኡና እማዬ ናት።

ከስሩ የናስ ሰሌዳ፣ የሮዋን ስም። የፕላስቲክ አበባ። ያልተከፈተ ቢራ።

«ደረስን?» አለች እማዬ።

«ደረስን።»

«ዛሬ አላየውም። ዓይኔ ደክሟል። ነገ ጠዋት፣ ፀሐይ ፊቱ ላይ ስትሆን።»

እሷን ሆቴል አሳርፌ ተመለስኩ። አንድ ሰው ከጎተራው ስር ሳር ያጭዳል። መላጣ፣ ሆዳም፣ ጺሙ የሸበተ። መኪናዋን ሲያይ ማጨጃውን አጠፋ።

«ድምፅዋን ነው ያወቅኩት» አለ። «ኔሪዳ ነሽ።»

ጋርዝ ነበር። ቀና ብዬ አየሁ። እሱንም አየሁ። ጆሮው ብቻ ነው የቀረው፣ ያ እንደ ጀበና እጀታ ወጣ ያለ ጆሮ።

«ያንተ ፊት ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«እነሱስ?»

«አያውቁም። ሰዓሊው ሲሰራ በየቀኑ እመጣ ነበር። መጀመሪያ አገጩ ወጣ። ቀጥሎ አፉ። ዓይኑ ሲወጣ… ከጎኔ የቆመው ሰውዬ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ‹ጎበዝ ልጅ ነበር አይደል?› አለኝ። ነበር አልኩት።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«ምን ብዬ? ምርቃቱ ላይ አለቀሱ እኮ። ተነስቼ ‹ቆዩ፣ እኔ ነኝ፣ አልሞትኩም› ልበል?» ሳሩን ከጫማው ላይ አራገፈ። «የጓሮዬ በር ከዚህ ፊት ለፊት ነው። ጠዋት ስከፍተው ያየኛል።»

እማዬ ነገ ልታየው እንደሆነ ነገርኩት። ፊቱ ተለወጠ። ለምን እንደመጣች፣ ዓይኗ እንዴት እንደሆነ ነገርኩት። ማጨጃውን እየገፋ ሄደ።

ልንገራት? አልንገራት? ከጭስ ጋር እየታገለች የማን ፊት መሆኑን ትለያለች? ትየው፣ ሮዋን ነው ብላ ትርካ… ማን ይጎዳል?

ሴፕቴምበር 16

አልነገርኳትም።

ጠዋት ቀሚስ ለበሰች። ጸጉሯን አበጠርኩላት። ሞተሩን ሳጠፋ ጋርዝ አጥሩ ጋ ቆሞ ነበር፣ ባርኔጣው በእጁ።

እማዬ የመኪናዋን ኮፈን እየዳበሰች ወጣች። እጄን አልፈለገችም። ብቻዋን ቀረበች። ቆመች። ፊቷን አዞረች፣ ወደ ስንዴው። ጠበቀች። አንድ እርምጃ ወደ ግራ። እንደገና ጠበቀች። 

«ማልያው አለ» አለች። «ትከሻው አለ።»

አንገቷን ትንሽ አዘነበለች።

«ጆሮው…»

 ነፋሱ የፕላስቲክ አበባውን ከሰሌዳው ጋር ያጋጨዋል።

«ሮዋን ጆሮው ከጭንቅላቱ ጋር የተለጠፈ ነበር። እንዲህ አልነበረም።» ወደኔ ዞረች። «አንቺ ታውቂያለሽ።»

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከትናንት።»

«እሺ።» ከዚያ ወደ አጥሩ። «እዚያ የሚተነፍሰው ማነው?»

«ጋርዝ ነኝ፣ እማማ ኡና።»

«አንተ ነህ እዚያ ላይ ያለኸው።»

«ነኝ።»

«ልጄን ለማየት ነው የመጣሁት።»

«አውቃለሁ። ይቅርታ።»

«ስለ ስዕሉ ነው ይቅርታው?»

 ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል፣ ያሽከረክራል። ቀስ ብሎ፣ «የማሽኑ ማጥፊያ በሩ ጋ ነበር» አለ። «ልታጠፋ ሮጠህ አልደረስክም አሉኝ። ዝም አልኩ። እኔ ለማጥፋት አልሮጥኩም፣ እማማ። ዝም ብዬ ነው የሮጥኩት። ማጥፊያውን አልፌው ሄድኩ። መንገዱ ጋ ስደርስ ነው ትዝ ያለኝ።»

እጇ ላይ ዱላ ቢኖር ትመታው ነበር። እጇ ግን ባዶ ነው።

«ይጠራህ ነበር?»

«ይጠራኝ ነበር።»

እማዬ ራሷን ነቀነቀች፤ የገበያ ዋጋ እንደተነገራት ሰው። ከዚያ፣ «መኪናው ውስጥ አስገቢኝ።»

በቀጥታ ወደ ቤት ነዳሁ። ጣታቸውን ለሚያነሱት ሁሉ አላነሳሁም።

ሴፕቴምበር 17

ከአልጋ አልወረደችም። ሻይ ወሰድኩ። ሲቀዘቅዝ መለስኩት።

ሴፕቴምበር 21

ዛሬ ተነሳች። ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ።

«ጁን ጋ ደውዬ እነግራታለሁ። የሮዋንን ፎቶ እንልካለን፣ ደግመው ይስሉታል። ዓይንሽ ሳይዘጋ…»

«ቆይ።»

«ምን እቆያለሁ እማዬ? ጊዜ የለንም እኮ!»

«ቆይ አልኩሽ።»

ምን እንደምትጠብቅ አልገባኝም። ፎቶውን ፖስታ ውስጥ ከትቼ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ኦክቶበር 3

ቁርስ ላይ ራሷ ጀመረች። እኔ ምንም ሳልጠይቅ።

«ያኔ ቢነግረኝ በአባትሽ ጠመንጃ እገድለው ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም። እገድለው ነበር።»

ቅቤ አቀብዪኝ አለች።

ኦክቶበር 11

ጁን ደወለች።  ጋርዝ ስብሰባቸው ላይ ተነስቶ ተናገረ አለች። ስለ ማልያው። ስለ ፊቱ። ስለ ማጥፊያውም። አንዱ ወንበር ገፍቶ ወጣ፣ ሌሎቹ የሚያዩበት ጠፋቸው። «እንዴት እንዳፈርን! ሰዓሊውን አነጋግረነዋል፣ ኖቬምበር ላይ ይመጣል። ፊቱን አጥፍቶ የሮዋንን ይስላል። ፎቶ ብቻ ላኩልን…»

ደስ አለኝ። ኖቬምበር! ይደርስ ይሆናል። መሳቢያውን ከፈትኩ።

እማዬ እጇን ዘረጋች። ስልኩን ሰጠኋት።

«ጁን፣ ኡና ነኝ። ስሚኝ። ፊቱን አትንኩት። …አይ፣ አልተቀየምኩም። …የልጄን ስም ብቻ ከዚያ አንሱልኝ። የጋርዝን ስም ጻፉበት። …ሕያው ቢሆንስ? ሕያው ሰው አይሳልም የሚል ሕግ አላችሁ? …ያንን እሱን ራሱን ጠይቁት። ደህና ዋዪ።»

ፖስታው እጄ ላይ ነው።

«ልታዪው ነበር» አልኩ። «እማዬ፣ ልታዪው ነበር እኮ!»

«ሮዋንን ከዚያ ጎተራ ቆፍረው አውጥተውልኛል። ለኔ ዓይን ብዬ መልሼ አላስገባውም።»

«ጋርዝንስ? ሰው ሁሉ አሁን አውቆታል። እዚያ ተሰቅሎ ይኑር?»

«በሰው ስም ከሚሰቀል በስሙ ይቆም።»

ፖስታውን ቀድዳ ፎቶውን አወጣች፣ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። ልሙጥ ወረቀት። ወደ ቦታው መልሺው አለችኝ።

ኖቬምበር 24፣ እሁድ

ካራቢል በኩል አጨዳ ተጀምሯል ይላል ሬዲዮው። የእማዬ ዓይን ከማክሰኞ ጀምሮ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የሚለየው። በሩን በእጇ እየለካች ትወጣለች። ሆልደኗ ላይ ሸራ አላለበስኩም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትንሽ አንሸራሽራታለሁ።

ከሰዓት፣ «ስልክ ደውዪልኝ» አለች። ባለፈውም እሁድ፣ ከዚያ በፊት በነበረውም እንዲሁ። ቁጥሩን መትቼ እሰጣታለሁ፣ ሳህን አጥባለሁ።

«ጋርዝ? ኡና ነኝ። ምን በላህ? …እንደገና ቋሊማ? አትክልት የለም እዚያ አገር? …እሺ። …እሺ። ሰሌዳው ተቀየረ? …ሰው ምን አለህ? …ይበል። ደህና ዋል።»

ይኸው ነው። ሌላ ነገር አይነጋገሩም።

እጄን እያደረቅኩ፣ «ይቅር አልሽው ማለት ነው?» አልኳት።

«ማን አለ?» አለች። «ምን እንደበላ ነው የጠየቅኩት።»