መብራት በሄደበት ፀጉር ቤት

ሰላም ራጉኤል፣

ዛሬ ፒያሳ ፀጉሬን ስስተካከል መብራት ሄደና ማሽኑ ግማሽ ራሴ ላይ ቆመ። የእጮኛዬ የሊያ ቤተሰቦች ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያዩኝ ለምሳ እየጠበቁኝ ስለነበር አስተካካዩ ላይ ጮህኩ። አጠገቤ ግማሽ ፂማቸውን ተላጭተው የተቀመጡ አዛውንት፣ አቶ ደምመላሽ፣ “ልጄ፣ የሄደው መብራቱ ነው፤ ቀኑ የት ሄደ? ና፣ ጄኔሬተር ያለው ካፌ ገብተን ማኪያቶ እንጠጣ” አሉኝ። ፎጣው አንገታችን ላይ እንዳለ ወጣን። መንገደኛው ሲስቅብን እሳቸው ለሁሉም እጅ ይነሳሉ። ሁሉ ሰው በሚያውቀኝ በእኛ ደሴ ቢሆን እኔ ከበር አልወጣም ነበር። የጠፋብን ያው አንድ መብራት ነው፤ የከፋው ግን እኔን ብቻ። መብራቱ ሳይመጣ ሰዓቱ ስለደረሰ፣ ግማሽ ራሴን እንደተስተካከልኩ ለምሳው ሄድኩ። የሊያ እናት በሩን ከፍተው አዩኝና እየሳቁ፣ “ግባ፣ የቀረውን እኛ እንጨርስልሃለን” አሉኝ።

ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፤ የእናትህን የእማማ የሺዓለምን ጉልበት ሳምልኝ።

ቃለአብ