የግንቡ በር ተከፍቷል

ክቡር ጄኔራል፣

ሥራ ሄጃለሁ። ምሳህ ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ ለማሞቅ ጦር ማዝመት አያስፈልግም።

ትናንት ቁልፌን ረስቼ ዝናብ እየመታኝ በር ስደበድብ፣ አንተ ጆሮህን በማዳመጫ ደፍነህ የኢንተርኔት ጨዋታ ላይ ትንንሽ አሻንጉሊት ወታደሮችህን ታሰልፍ ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ!
ብስብስ ብዬ ስገባ ምን አልከኝ? "ግንብ እየጠበቅኩ ነበር።"
ጎበዝ። የራሳችንን በር ማን ይጠብቅልህ?

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ጨዋታውን እንደከፈትከው ለጥ ብለህ ተኝተሃል። "ተራህ ነው፣ ተራህ ነው" እያለ ሲጮህብኝ ጊዜ ነካሁት። ባልነካው ጥሩ ነበር፣ ይቅርታ።

የግንብህን በር ከፍቼዋለሁ።

ተጋጣሚህ ደንግጦ "እርግጠኛ ነህ?" ብሎ ጻፈልህ።
እኔም መለስኩለት፦ "ግቡ እንጂ! ደጅ ላይ ዝናብ ይመታችኋል።"