ዳታቤዙ ሲመለስ

ውድ ኢቅራ፣

ዛሬ ስምሽን ኮምፒውተሩ ላይ እያየሁ አለቀስኩ። ብታዪኝ «አንቺ ወለላ፣ ኪቦርዱን ልታበላሺው ነው!» ብለሽ ትጮኺብኝ ነበር።

የክሊኒካችን ኮምፒውተር መብራት ሄዶ ሲመጣ ተቃጠለ። እንዳሳየሽኝ በየቀኑ የዳታቤዙን ቅጂ፣ ባክአፑን፣ መውሰዴን አላቋረጥኩም፤ ግን ፋይሉን የማስቀምጠው እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነበር። አብሮ ሄደ። አንቺ በፍላሽ ገልብጠሽ ቤትሽ ትወስጂው የነበረው ለዚህ ነው። ያ ፍላሽ ካረፍሽ ጀምሮ እናትሽ ጋ ነው። ለቅሶ ቤት ገብቶ የሥራ ዕቃ መጠየቅ ነውር መስሎኝ፣ ዛሬ ነገ ስል ወራት አለፉ። ሥራ አስኪያጁ አንዷለምም «አዲስ ፍላሽ እንገዛለን» እንዳለ ቀረ።

ከሮቢትና ከዋጃ የሚመጡት የስኳርና የደም ግፊት ታካሚዎች በረንዳው ላይ ተደርድረዋል፤ የዓመታት ታሪካቸው ያለው ዳታቤዙ ውስጥ ነው። አባ ካሳ «ልጄ፣ የኔ ኪኒን ነጩ ነበር ቢጫው?» ይሉኛል። ምን ልበላቸው?

እፍረቴን ውጬ እናትሽ ቤት ሄድኩ። እማ ኡሙሃኒ ፍላሹን ከመስገጃሽ ሥር አወጡልኝ።

«እኔ ምንነቱን አላውቀው፤ የሷ ነው ብዬ አስቀመጥኩት። ለምን እስከ ዛሬ ጠፋሽ?»

«አፍሬ ነው፣ እማ።»

«ወላሂ፣ እኔኮ በር በሩን ሳይ ነው የምውል» አሉኝ።

ካንቺ በኋላ ብቻዬን የቀረሁት እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስወጣ በእሳቸው በኩል አልፋለሁ።

በአዲሱ ኮምፒውተር ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ የመመለሻውን ትዕዛዝ ጻፍኩ። «እንዲህ የሚባል ዳታቤዝ የለም» የሚል መልስ መጣ። ያኔ ነው «መጀመሪያ ባዶ ቤት ሥሪለት እንጂ፣ ዕቃው የት ይግባ?» ያልሽኝ ትዝ ያለኝ። ባዶ ዳታቤዝ ፈጥሬ ደግሜ ሞከርኩ። ዝም አለ። ዝም ካለ እየሠራ ነው ትዪ ነበር፤ እኔ ግን ካንቺ ወዲህ ዝምታ ያስፈራኛል።

ተመለሰ፣ ኢቅራ! የአባ ካሳም ታሪክ፣ የሁሉም። የተመለሰው ግን አንቺ ለመጨረሻ ጊዜ ሥራ እስከገባሽበት ቀን ያለው ነው። የሠራተኞቹን ዝርዝር ስከፍት «ኢቅራ እንድሪስ፣ በሥራ ላይ» ይላል።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ከመድኃኒት ማዘዣዎች ላይ እየለቀምኩ ስሞላ ሰነበትኩ። ስምሽን እያየሁ አልፈው ነበር። ዛሬ ሌላው ሁሉ አልቆ አንቺ ብቻ ቀረሽ። ያኔ ስታርፊ «በሥራ ላይ» የሚለውን ቀይሮ ስምሽን የዘጋው አንዷለም ነበር፤ እኔ ለቅሶሽ ላይ ነበርኩ። አሁን ቀስ ብሎ «ክፍት ሊቆይ አይችልም እኮ፣ ወለላ። እኔ ልዝጋው?» አለኝ። እምቢ አልኩ። በሌላ እጅ እንዲሆን አልፈለግኩም።

ምንም ነገር ከመቀየርሽ በፊት ባክአፕ ውሰጂ ብለሽኝ የለ? ወሰድኩ። ከዚያ አንዷን መስመር ጽፌ ኢንተርን ተጫንኩ። «አንድ ተቀይሯል» ብሎ መለሰልኝ፤ ሌላ ቃል የለውም።

ስምሽን ከመዝጋቴ በፊት የወሰድኩት ፋይል በፍላሽ ተገልብጦ አሁን ቦርሳዬ ውስጥ ነው። እዚያ ውስጥ ዛሬም ሥራ ላይ ነሽ። መልሼ አልከፍተውም፣ አልደመስሰውምም።

አላህ ይዘንልሽ፣ እህቴ።

ያንቺው ወለላ
ከቆቦ