ለእማዬ የሰጠኋት የመጨረሻ ካፕሱል

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለሱሩር፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? የጂዳው ሙቀት ቀለል አለላችሁ? ባለቤትህ ለምያ ወገቧን ተሻላት? እኔም ባለቤቴ ጃፈርም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ የቦንጋ ዝናብ ግን ዘንድሮ አላባራ ብሎናል።

እማዬ በምን እንዳረፈች በስልክ ስትጠይቀኝ «ተቅማጥ ነው» ብቻ ብዬህ ስልኩን ዘጋሁ። የቀረውን በስልክ ልነግርህ አልቻልኩም፤ ስለዚህ ጻፍኩት።

ለሳሏ የላክኸውን ካፕሱል ታስታውሳለህ? ሳሉ ተዋት። ከዚያ ወዲያ ግን ጉንፋን ሲይዛት፣ ራሷን ሲያማት፣ ጉልበቷን ሲቆረጥማት ሁሉ ከዚያው እሰጣት ነበር። ሲያልቅም እዚሁ እየገዛሁ ቀጠልኩ። ግንቦት ላይ ተቅማጥ ጀመራትና ሆስፒታል ወሰድናት።

ዶክተር ወሰንየለሽ የምትባል ሐኪም አጠገቤ ተቀምጣ አስረዳችኝ። «አንጀታችን ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ አብዛኞቹ ጠላት አይደሉም» አለችኝ። «የሰውነታችን መከላከያ ማንን መውጋት፣ ማንን መተው እንዳለበት የሚማረው ከእነሱ ጋር እየኖረ ነው። ለክፉዎቹም ቦታ አይለቁም። ካፕሱሉ ባክቴሪያ ገዳይ ነው፤ ደጎቹን ሲፈጃቸው ክፉው ብቻውን ገነነ። ሁለተኛ እንዳትሰጪያት።» ሌላ መድኃኒት አዘዘችላት፤ ተሽሏት ቤት ገባች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ትኩሳት ያዛት። እጄን ጨብጣ «የልጄን መድኃኒት ስጪኝ፤ የሚያድነኝ እሱ ነው» አለችኝ። እንቢ አልኳት። አለቀሰች። እናቴ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም፣ ሱሩር። ሰጠኋት፤ ሦስት ቀን ሙሉ። ተቅማጡ ብሶበት ተመለሰ። ሆስፒታል ብናደርሳትም ጁምዓ ጠዋት አረፈች። ዶክተሯን «ባልሰጣት ኖሮ ትድን ነበር?» አልኳት። የእማዬን ካርድ ዘግታ እስከ በሩ ሸኘችኝ።

አሁን ሱቃችን ውስጥ ስኳር እየመዘንኩ የእማዬ ቀለበት የጓዳውን ግድግዳ ሲመታ ይሰማኛል፤ ስትፈልገኝ የምትጠራኝ እንደዚያ ነበር። «መጣሁ፣ እማዬ» ብዬ ገበያተኛውን ትቼ ወደ ጓዳ እገባለሁ። አልጋዋ እንደተነጠፈ ነው። ጃፈር አልጋውን እናውጣው ቢለኝ እንቢ አልኩት።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ብርቄ ልጇ አተኩሶት ካፕሱል ልትለምነኝ መጣች። ሐኪም ይየው ብዬ ባዶ እጇን መለስኳት። ንፉግ አለችኝ፤ ሰላምታም ነስታኛለች። ምክንያቱን ግን አልነገርኳትም።

አንተ የላክኸው ለሳል ብቻ ነበር፤ በራስህ ላይ እንዳትፈርድ። እኔን ግን አፉ በለኝ። ካልሆነልህም አልሆነልኝም ብለህ ጻፍልኝ እንጂ ዝም አትበለኝ።

ለምያን ሰላም በልልኝ። ሬድዋንን ጉንጩን ሳምልኝ። ትንሿን ልጃችሁን ሚስራንም እንዲሁ፤ ቁርጥ እማዬን ናት ስላልከኝ የላክኸውን ፎቶዋን ከፖስታው አውጥቼ ለማየት እስካሁን አልደፈርኩም።

እህትህ ሀኪማ
ቦንጋ፣ ኅዳር 14 ቀን 2001 ዓ.ም.